ሰውየው ለምን ይጠብቀዋል? ስለ ጥንቱ የሰይፍ ጥበብና ስለ ፊልም ሰይፍ

ባለፈው ጥምቀት ማግስት ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ሰው ሞልቶት ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ይታያል። ፈረስ ይጋልባል፣ አቧራ ይነሳል፣ ሰይፍ ይመዘዛል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ለበዓሉ ከገጠር የመጡት አጎቴ ጠላቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ድንገት ጠየቁኝ።

«ሰውየው ለምን ይጠብቀዋል?»

«የትኛው?» አልኳቸው።

«ያ ባለ ጥቁር ካባው ነዋ! ሰይፉን ሽቅብ አንስቶ ይቆማል። ያኛው እስኪሰናዳ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲያ ነው የሚሰነዝረው። እኛ በዱላ እንዲህ ተጠባብቀን ቢሆን ኖሮ ይኼ ይኖር ነበር?» ብለው ግንባራቸውን አሳዩኝ። ከጉርምስናቸው የቀረ ጠባሳ አለባቸው።

አጎቴ ያደጉት ከጮቄ ሥር ከብት እየጠበቁ፣ ምክቶሽ እየተጫወቱ ነው። ምክቶሽን ለማያውቅ፣ እረኞች በዱላ የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ግን በአንዲት ጥያቄ የነገሩን እምብርት ነኩት። እኔ የቆዩ የሰይፍ መጻሕፍትን ማገላበጥ እወዳለሁ። ያን ቀን በልጆች ጫጫታ መሀል በደንብ አልመለስኩላቸውም። እዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ሰውየው የሚጠብቀው ሥራው መጠበቅ ስለሆነ ነው።

የመድረክና የፊልም የሰይፍ ፍልሚያ አንድ መሠረታዊ ደንብ አለው። መጀመሪያ አጥቂው ምልክት ይሰጣል። ክንዱን ያነሳል፣ ባልደረባውን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ቀጥሎ ተከላካዩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያጎነብሳል፣ ወይም ለመመከት ሰይፉን ያነሳል። አጥቂው ምቱን የሚለቀው የባልደረባውን እንቅስቃሴ ካየ በኋላ ነው። ያሳያል፣ መልሱን ያያል፣ ይሰነዝራል። ደንቡ የወጣው በመጀመሪያ ደረጃ ሰው እንዳይጎዳ ነው። የፊልም ሰይፍ ስለት ባይኖረውም ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። ዓይን ያጠፋል፣ ጥርስ ያረግፋል፣ ጣት ይሰብራል። ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ነው። ምቱ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንደበለጠ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊገባው ይገባል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ሰፊ ነው። ሰይፉ ከጀርባ ተነስቶ፣ ዞሮ ዞሮ ይመጣል።

እውነተኛው የሰይፍ ጥበብ የዚህ ግልባጭ ነው። ጆርጅ ሲልቨር የሚባል እንግሊዛዊ በ1599 ስለ መከላከል ጥበብ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። (የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሲልቨር አጥብቆ የሚያስተምረው ነገር እጅ ከእግር ይቅደም የሚል ነው። እጅ ፈጣን ነው፣ እግር ዘገምተኛ ነው። እግርህን ቀድመህ ካነሳህ ባላጋራህ መምጣትህን አወቀ። መጀመሪያ እጅህ ሰይፉን በአንተና በእሱ መሀል ያድርግ። እግርህ ከዚያ ይከተል። ፊልም ላይ ግን ተዋናዩ ሁለት ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ መጥቶ ነው የሚሰነዝረው። ለዓይን ያምራል። በሲልቨር ዘመን እንዲህ የሚመጣ ሰው ግን ገና ሁለተኛውን እርምጃ ሳይጨርስ የሰይፍ ጫፍ ደረቱ ላይ ያገኘው ነበር።

ጎጃም ውስጥ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፉከራ አለን። ሠርግ ቤት ሽለላው ሲግል አንዱ ዱላውን ይዞ ይነሳል። «ዘራፍ!» ይላል። ወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል፣ ያፈገፍጋል፣ ተመልሶ ይወረወራል። ዱላው ከተቀመጡት ሰዎች አናት በላይ ያፏጫል። ብርሌ እንኳ አይነካም። ዓይኑ ይቀላል፣ ድምፁ ዳሱን ይሞላል። እናቶች እልል ይላሉ። የሚያዩት ውጊያ ሳይሆን የውጊያ ትርኢት መሆኑን ዳሱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እያወቀም ደሙ ይሞቃል። ፎካሪ የሚንቀሳቀሰው እንዲታይ ነው። ተዋጊ የሚንቀሳቀሰው እንዳይታይ ነው። የፊልም ሰይፈኛ እንግዲህ ፎካሪ ነው ማለት ነው። ይህን ስል አክብሬው ነው። በተጨናነቀ ዳስ ውስጥ ዱላ እያዞሩ ማንንም አለመንካት ልምድ ይጠይቃል።

ሰይፍ በቅኔ

ታዲያ የጥንቶቹ እንዴት እንደተዋጉ በምን እናውቃለን? ከመጻሕፍቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ እስካሁን ከተገኙት የሰይፍ መማሪያዎች ሁሉ የሚቀድመው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጀርመን አገር በብራና የተጻፈ ነው። አሁን እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ባለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ይገኛል። ጽሑፉ በላቲን ነው። ሥዕሎቹ ላይ የሚያስተምረው ካህን ነው። መምህርም ተማሪም በአንድ እጃቸው ሰይፍ፣ በሌላው ትንሽዬ ክብ ጋሻ ይዘዋል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ ቫልፑርጊስ የምትባል ሴት ሰይፍ ይዛ ከካህኑ ጋር ትገጥማለች። ካህን ሰይፍ ሲያስተምር ማየት ለእኛ ዓይን እንግዳ ነው። ብራናው፣ ቀለሙ፣ የመምህርና የተማሪ ወጉ ግን ዲማ ወይም መርጡለ ማርያም ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የዮሐንስ ሊኽተናወር ትምህርት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ጀርመናዊ የሰይፍ መምህር ነው። ትምህርቱን የቋጠረው በግጥም ነው። ግጥሙን ደግሞ ሆን ብሎ አደበዘዘው። ያልተማረ ሰው ሰምቶ እንዳይጠቀምበት ነው። ተማሪው ስንኙን በቃሉ ይይዛል። ፍቺው ከመምህሩ አፍ ካልተነገረው ግን ሰሙን እንጂ ወርቁን አያገኝም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ሲግመንድ ሪንጌክ ያሉ መምህራን ተነስተው ስንኞቹን አንድ በአንድ ፈቱ። አንድ ስንኝ ይጻፋል፣ ከሥሩ ፍቺው ይከተላል። እንደገና ስንኝ፣ እንደገና ፍቺ። ይህን ያየ ጎጃሜ አንድምታን ማስታወሱ አይቀርም። ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ የቆጠረ ሰው እነዚህን የጀርመን ብራናዎች ቢያገኝ ከማንም በተሻለ የሚገቡት ይመስለኛል። ቃሉ ሳይሆን ዘዴው ማለቴ ነው።

ከግጥሙ ቃላት ሦስቱ የትምህርቱ ምሰሶ ናቸው። መቅደም፣ መከተል፣ በዚያችው ቅጽበት። መቅደም ማለት ባላጋራህ የሚሠራውን ሳይመርጥ አንተ ሰንዝረህ መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ ነው። መከተል ማለት ተቀድመህ መከላከል ላይ መውደቅህ ነው። ሦስተኛው ከበድ ይላል። ሁለት ሰይፎች ሲገናኙ፣ እዚያው ሳለህ፣ የሌላውን ጉልበት በብረቱ በኩል አዳምጠህ መልስ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊልምና እውነት ከሁሉ በላይ የሚራራቁት እዚህ ነው።

ፊልም ላይ ሁለቱ ጀግኖች ሰይፍ ለሰይፍ ይቆላለፋሉ። ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ይገፋፋሉ። አንዱ «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!» ይላል። ካሜራው ይጠጋል፣ ሙዚቃው ይነሳል። ሌላው ይስቃል። ከዚያ ተገፋፍተው ይለያያሉ፣ እንደገና ይጀመራል።

በእውነቱ ውጊያ ብረት ለብረት የሚገናኝበት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። በዚያች ጊዜ ውስጥ እጅህ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሰውየው እየገፋኝ ነው ወይስ ላላ ብሏል? እየገፋህ ከሆነ አትጋፋው። አላላለትና ጉልበቱ ወደ ባዶ ይሂድ። ያንተ ሰይፍ በሌላ በኩል ዞሮ ይግባ። ላላ ካለ ደግሞ አትዙር፤ ያለህን መስመር ይዘህ ቀጥ ብለህ ግባ። ሌላም ነገር አለ። የሰይፍ ብርታት ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከእጀታው እስከ መሀሉ ብርቱ ነው፣ ከመሀሉ እስከ ጫፉ ደካማ ነው። በአንተ ብርቱ ክፍል የእሱን ደካማ ክፍል ካገኘህ ያለ ብዙ ልፋት ወደ ጎን ትገፋዋለህ። በር እንደመግፋት ነው። ከማጠፊያው አጠገብ ብትገፋው ይከብድሃል። ከዳሩ ብትገፋው በጣት ይከፈታል። የእሱ ሰይፍ ጫፍ ከእጁ የራቀ የበር ዳር ነው።

ለዚህ ነው ጉልበተኛ ሁልጊዜ የማያሸንፈው። ተጋፍቶ የሚቆም ሰው በገዛ ጉልበቱ ይሳሳታል። አጎቴ ስለ ምክቶሽ ሲያወሩ፣ «ዱላው ሲነካህ የልጁን ሐሳብ ታውቀዋለህ» ይላሉ። ሪንጌክ ቢሰማቸው ደስ ይለው ነበር።

ካሜራ ይህን ማሳየት አይችልም። በብረት ውስጥ የሚያልፍ ስሜት በዓይን አይታይም። ስለዚህ ፊልሙ በሚታይ ነገር ይተካዋል። መፋጠጥ፣ ላብ፣ የተነከሰ ጥርስ። እኔ በዚህ አልቆጣም። የማዝነው ልጆች ያንን አይተው የሰይፍ ጥበብ የጉልበት ሥራ ሲመስላቸው ነው።

ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ ደግሞ በ1409 ገደማ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ለፌራራው መስፍን አዘጋጀ። አንዱ ገጽ ላይ ሰው መሀል ቆሞ አራት አውሬዎች ከበውታል። አንበሳው ልብ ይዟል፤ ድፍረት ነው። ነብሩ ፍላጻ ይዟል፤ ፍጥነት ነው። ዝሆኑ ጀርባው ላይ ግንብ ተሸክሟል፤ ጽናት ነው። አራተኛው ድመት መሰል አውሬ የመለኪያ ኮምፓስ ይዟል፤ ማስተዋል ነው። ፊልም ከአራቱ አንበሳውንና ነብሩን በደንብ ያሳየናል። ኮምፓስ የያዘውን ግን ይረሳዋል። ማስተዋል ማለት እዚህ ርቀትን መለካት ነው። ባላጋራህ ሳይራመድ ይደርስብሃል? አንድ እርምጃ ያስፈልገዋል? ሁለት? ሙሉ ውጊያው የሚወሰነው በዚህ ነው።

ፊዮሬ ስለ ራሱም ይተርካል። ጥበቡን ሊያስተምራቸው ስላልፈለገ የቀኑበት መምህራን አምስት ጊዜ በተሳለ ሰይፍ እንዲገጥማቸው አስገድደውታል። ድርብ የጨርቅ ልብስና የቆዳ ጓንት ብቻ ለብሶ ገጠማቸው፣ ምንም ሳይሆንም ወጣ። ከዚያ የሚለው ነገር ሁሌም ከአእምሮዬ አይጠፋም። የብረት ልብስ የለበሰ ሰው ብዙ ምት ተቀብሎ ሊያሸንፍ ይችላል። በተሳለ ሰይፍ ግን አንዲት መከታ ከሳተች ሞት ነው። እስቲ ይህን ይዘህ ደረጃ ለደረጃ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዘለሉ አምስት ደቂቃ የሚታገሉትን የፊልም ጀግኖች አስብ።

በእርግጥ ሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት አልነበረም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሚሎ አግሪፓ የሚባል ጣሊያናዊ መጣ። ሙያው ምሕንድስና ነበር። በ1553 ባሳተመው መጽሐፍ ሰይፍን በጂኦሜትሪ ተነተነ። የአቋም ዓይነቶችን ወደ አራት አሳነሳቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ከጎባጣ መስመር ያጥራል። ስለዚህ ክንድህን አዙረህ ከምትቆርጥ ቀጥ አድርገህ ብትወጋ ትቀድማለህ። ቀጭኗና ረጅሟ የመውጊያ ሰይፍ የነገሠችበት ዘመን ሆነ። ሲልቨር ይህን አምርሮ ጠላው። ከጣሊያን በመጣው ስልት ሁለቱም ተፋላሚዎች እየተወጋጉ አብረው ይሞታሉ አለ። እውነቱን ነው፤ ችግሩ የታወቀ ነበር። የተወጋ ሰው እንደ ፊልሙ ወዲያው አይወድቅም። ለአንዲት ምት የሚበቃ እስትንፋስ ይኖረዋል። ያቺ አንዲት ምት ደግሞ ገዳዩን ትገድላለች። የድሮ መምህራን ከመቱ በኋላ ተከልሎ መውጣትን አጥብቀው ያስተምሩ የነበረው ለዚህ ነው። የድሮውን ጥበብ ከመጻሕፍት እያነበቡ ዛሬ የሚለማመዱ ሰዎችም ብዙ ውድድሮቻቸው ላይ ለዚህ ደንብ አበጅተዋል። የተመታው ሰው ወዲያው መልሶ ከመታ፣ የመጀመሪያው ምት ዋጋውን ያጣል ወይም ይቀንሳል።

ክብደቱ፣ ድምፁ፣ ጋሻው

ፊልም ያስለመደንን ሌሎች ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልንካቸው።

የድሮ ሰይፍ ከባድ አልነበረም። በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፓ ረጅም ሰይፍ ብዙውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.8 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ከኪሎ ስኳር ትንሽ ከፍ ይላል። ከወገብ እየተወዛወዙ እንደ መጥረቢያ የሚያነሱት ነገር አይደለም።

የብረት ልብስን ሰይፍ አይቆርጠውም። ፊልም ላይ ጀግናው አንዴ ሲሰነዝር ሦስት ባለ ጥሩር ይረግፋል። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ግን ሌላ ያሳያሉ። ተዋጊው በአንድ እጁ እጀታውን፣ በሌላው የገዛ ሰይፉን መሀል ጨብጦ ጫፉን ወደ ብብት ወይም ወደ ፊት ክፍተት ይሰካል። ወይም ሰይፉን ገልብጦ በእጀታው እንደ መዶሻ ይመታል። ወይም ጠልፎ ይጥልና ትግል ይሆናል። ስለትን በእጅ መጨበጥ እብደት ይመስላል። አጥብቀህ ከያዝከውና እጅህ ላይ ካልተንሸራተተ ግን አይቆርጥም።

«ሺንንግ» የሚለው የመምዘዣ ድምፅ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የሚጨመር ነው። ቆዳና እንጨት የሆነ ሰገባ እንዲህ አይጮኽም።

ዞሮ ጀርባ ሰጥቶ መምታት? አጎቴ ይህን ሲያዩ «ኧረ!» ብለው ጠላቸውን አስቀመጡ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፊልም ሰይፍን ዋና መሣሪያ ማድረጉ ነው። በአውሮፓም በእኛም አገር ለረጅም ዘመን የጦር ሜዳው ዋና መሣሪያ ጦር ነበር። ሰይፍና ጎራዴ የሚመዘዙት ጦሩ ከተወረወረ፣ ሰው ከሰው ከተቀላቀለ በኋላ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ሲገጥሙ ጎራዴ የታጠቀ ብዙ ነበር። ሜዳው ግን የፈረስ፣ የጦርና የጠመንጃ ሜዳ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የልቤን ልናገር። በአገራችን የታሪክ ፊልም ወይም ቴአትር ሲሠራ፣ አርበኛውን ብዙ ጊዜ የሆሊውድ ሰይፍ እናስይዘዋለን። መሣሪያውን ማለቴ ሳይሆን እንቅስቃሴውን ነው። አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ እየተሽቆጠቆጠ ይዋጋል። ያ አቋም ቀጭን የመውጊያ ሰይፍ ለያዘ፣ ጋሻ ለሌለው ሰው የተበጀ ነው። የእኛ ሰው ግራ እጁ ላይ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ ነበረው። ጋሻ የያዘ ሰው ጎኑን አይሰጥም፤ ጋሻውን አስቀድሞ ይገባል። ጎራዴው ጎባጣና በአንድ ወገን የተሳለ ነው። ስለዚህ ዋና ሥራው መቁረጥ እንጂ መውጋት አይደለም። ጎባጣነቱ ስለቱ ሥጋ ላይ እየተንሸራተተ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሾተል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እንደ ማጭድ ስለታጠፈ ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ዞሮ ይደርስበታል። አታጣጠቁም የተለየ ነበር። የእኛ ሰው ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። ይህ ሁሉ የሚታይ፣ የሚያምር፣ ለካሜራም የሚመች ነገር ነው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ሰው ጋሻና ስለት አብረው እንዴት እንደሚያዙ ያያል። ይህን ትተን የሌላውን እንቅስቃሴ መዋሳችን ያናድደኛል።

ጨዋታም አለ

በውጊያና በትርኢት መሀል ሦስተኛ ነገር አለ። እሱም ስፖርቱ ነው። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው የሻሞላ (ፌንሲንግ) ግጥሚያ ከ1896 ጀምሮ አለ። ብዙ ሰው እውነተኛው የሰይፍ ውጊያ ይህ ይመስለዋል። አይደለም። ከውጊያ ተወልዶ ጨዋታ የሆነ ነው። በሁለት የሻሞላ ዓይነቶች ጫፉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ አለ። በአንደኛው ቁልፉ 500 ግራም፣ በሌላው 750 ግራም ጫና ካላገኘ መብራቱ አይበራም። ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል ቢነካኩ በአንዱ ዓይነት ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ። በተሳለ ሰይፍ ቢሆን ሁለቱም ሞተዋል።

ለእኛ የቅርቡ ምሳሌ ጉግስ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጉግስ ላይ አሳዳጁ ዱላ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻ ጀርባውን ይከልላል። ፈረሱ እውነት ነው፣ ፍጥነቱ እውነት ነው፣ ችሎታው እውነት ነው። የሚወረወረው ግን ጦር አይደለም። ጉግስን አይቶ ውጊያ እንዲህ ነበር የሚል ሰው ይሳሳታል። ከውጊያ የመጣ አይደለም የሚልም ይሳሳታል። ሻሞላም እንደዚሁ ነው።

ሦስቱ ግን ይዋዋሳሉ። ቦብ አንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ በሻሞላ ተወዳድሯል። በኋላ የፊልም ተዋንያንን ሰይፍ የሚያስተምር ትልቅ ባለሙያ ሆነ። በ1980 እና በ1983 በወጡት የስታር ዋርስ ፊልሞች፣ የክፉውን ገጸ ባሕርይ የዳርት ቬደርን ጥቁር ልብስና ጭምብል አጥልቆ በብርሃን ሰይፍ የተፋለመው እሱ ነው። ከጭምብሉ ሥር የኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ስፖርቱን እንዳለ አላመጣውም። ሻሞላ ፈጣን ከመሆኑ የተነሳ ያልለመደ ዓይን ምንም አያይበትም። ኤሌክትሪክ የገባው እኮ ዳኞችም ሊያዩት ስለተቸገሩ ነው። ስለዚህ የፊልም ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው ማስፋትና ማዘግየት ነው።

ከዚያ ለየምቱ ቁጥር ይሰጠዋል። ራስ፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ጎን። ተዋንያኑ እንደ ዳዊት ደጋግመው በቃላቸው ይይዙታል። ለሳምንታት ቀስ ብለው ይለማመዳሉ፤ ፍጥነቱ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ርቀታቸው ቢሳሳቱ እንኳ እንዳይደራረሱ ተለክቶ ይቀመጣል። ከጎን ብታያቸው በመሀላቸው ባዶ ቦታ አለ። ካሜራው ከአንዱ ትከሻ ኋላ ሲቆም ግን ያ ባዶ ቦታ ይጠፋል። ምቱ የነካ ይመስላል። የቀረውን የሚሠራው የተመታው ሰው ነው። ጭንቅላቱን የሚወረውረው፣ የሚያቃስተው፣ የሚወድቀው እሱ ነው። ጥሩ ፍልሚያ ስታይ የተመታውን ሰው አድንቀው። አብዛኛው ሥራ የእሱ ነው።

ጥሩ የፊልም ፍልሚያን ከመጥፎው የምለየው ታዲያ በእውነተኛነቱ አይደለም። ሰዎቹ የሚፈሩ መሆናቸውን ሳይ ነው። በተሳለ ብረት ፊት የቆመ ሰው ይፈራል። ይጠነቀቃል፣ ይደክመዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በ1977 የወጣው «ዘ ዱዌሊስትስ» ይህን በደንብ ያሳያል። ዊልያም ሆብስ ያቀናበራቸው ፍልሚያዎች ላይ ሰዎቹ ሰይፉን ማንሳት እስኪያቅታቸው ይደክማሉ። ምቱ ለካሜራ የተሠራ ነው። ፍርሃቱ ግን ከፊዮሬ መጽሐፍ የወጣ ይመስላል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ድራማው ሲያልቅ ልጆቹ ግቢ ወጥተው በሸንበቆ መፋለም ጀመሩ። ክንዳቸውን ሽቅብ እያነሱ፣ እየዞሩ፣ «ሃ!» እያሉ። አጎቴ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ትልቁን ልጅ ጠርተው ፊት ለፊታቸው አቆሙት።

«መክት» አሉት።

ልጁ ሸንበቆውን አነሳ። ዱላቸው ከየት እንደመጣ እኔም አላየሁም። ትከሻው ላይ፣ ጋቢ እንኳ ሳይነካ፣ ቆሟል።

«አላየሁትም!» አለ ልጁ።

«እንደገና! እንደገና ያሳዩን!» አሉ ሌሎቹ።

አጎቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። አሁን ዱላውን ሽቅብ አነሱት፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉም እንዲያየው። ልጁን ዓይን ዓይኑን አዩት። ሸንበቆውን እስኪያነሳ ጠበቁት።